የመጫኛ መስኮቶች ጽሑፍ ለዐይን እንዲነበብ የተደረገው ጥረት፤ ከ1984 እስከ 2019

መግቢያ

ማንም ሰው አዲስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባገኘ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ፕሮግራሙን ሳይሆን መጫኛውን ነው። መጫኛ የሚባለው ፕሮግራሙን ከመጣበት ጥቅል አውጥቶ በኮምፒዩተሩ ውስጥ በየስፍራው የሚያስቀምጥ አነስተኛ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለባለቤቱ ጥቂት ጥያቄዎች ያቀርብለታል። የፈቃዱን ውል ይቀበላልን? ፕሮግራሙ በየትኛው ዲስክ ላይ ይቀመጥ? በዲስኩ ላይ የነበረው ይጥፋ ወይስ ይቆይ? ሥራው በጥቂት ደቂቃዎች የሚፈጸም ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። ነገር ግን በነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የሚሰጠው መልስ አንዳንዱ ውል ነው፤ አንዳንዱም ከተሰጠ በኋላ የማይመለስ ነው። ዲስኩ ይደምሰስ ብሎ የፈቀደ ሰው የብዙ ዓመት ጽሑፉንና ፎቶግራፉን በአንድ ቃል ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ይህ ጥያቄ የተጻፈበት ፊደል ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ቢሆን፣ ወይም «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከመስኮቱ ጠርዝ ውጭ ተቆርጦ ቢቀር፣ የተሰጠው ፈቃድ በእርግጥ ፈቃድ ነው ሊባል ይችላልን? ይህ ነገር በእርግጥ ደርሷል። የሚያስገርመውም የደረሰው ስክሪኖች መጥፎ በነበሩበት ዘመን ሳይሆን እጅግ ጥሩ እየሆኑ በሄዱበት ዘመን መሆኑ ነው። ስክሪኑ በጠራ መጠን ጽሑፉ የማይነበብ እየሆነ ሄደ።

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው የዚህ ተቃራኒ ነገር ምክንያት በስክሪኖቹ መሻሻል ሳይሆን በተመረጠው መለኪያ ላይ እንደ ነበረ ነው። በይበልጥ የምንመለከተው የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ሲሆን፣ ለማነጻጸር ያህል ስለ አፕልና ስለ ሊኑክስም እንጨምራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነጥብ እንደ ክንድ

በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የሚታየው ማናቸውም ነገር ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። የአንድ ስክሪን ጥራት የሚታወቀው በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚይዝ በመቍጠር ነው። ነጥቦቹ በበዙ ቍጥር እያንዳንዱ ነጥብ እያነሰ ይሄዳል፤ ሥዕሉም ይጠራል።

አባቶቻችን ሸማን በክንድ ይለኩ ነበር። ክንድ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሁልጊዜም ከሰው ጋር አለ። ጉድለቱ ግን የሰው ሁሉ ክንድ እኩል አለመሆኑ ነው። ዐሥር ክንድ ሸማ ገዛሁ ያለ ሰው ቍጥሩን እንጂ ርዝመቱን አልተናገረም፤ ለካው ባለ ረጅም ክንድ ነውን ወይስ ባለ አጭር? የፒክስልም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮግራም ሠሪ «ይህ ፊደል 16 ነጥብ ይርዘም» ብሎ ሲጽፍ ቍጥር ወሰነ እንጂ መጠን አልወሰነም። መጠኑን የሚወስነው ፕሮግራሙ ወደ ፊት የሚታይበት ስክሪን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ችግር አልታየም፤ የሁሉም ክንድ ተቀራራቢ ነበርና። በጥር ወር 1984 የወጣው የአፕል ማክንቶሽ 9 ኢንች ስክሪን ያለው ሲሆን፣ በወርዱ 512 በቁመቱ 342 ነጥቦች ነበሩት። ይህም በአንድ ኢንች 72 ነጥብ ያህል ይሆናል። ቍጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። በማተሚያ ቤት የፊደል መጠን የሚለካበት ፖይንት የአንድ ኢንች 72ኛ ክፍል ስለ ሆነ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ፊደል በወረቀት ላይ ከሚታተመው ጋር እንዲተካከል ታስቦ ነው። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ዊንዶውስን በኢንች 96 ነጥብ በሚል ሒሳብ ላይ መሠረተው። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ሰው ከስክሪን የሚቀመጥበት ርቀት መጽሐፍ ከሚይዝበት ርቀት በሲሶ ያህል ስለሚበልጥ፣ ፊደሉም በሲሶ ከፍ ማለት ይገባዋል የሚል ነው። 72 ላይ ሲሶው ሲጨመር 96 ይሆናል።

በዚህ ሒሳብ 16 ነጥብ የሚረዝም ፊደል በስክሪን ላይ 4.2 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ያለ ድካም ይነበባል። ልማድ ሲውል ሲያድር ሕግ ይመስላልና፣ ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎች 96ን አንድ ኩባንያ የመረጠው ቍጥር መሆኑን ረስተው እንደ ተፈጥሮ ቍጥር ቈጠሩት።

በአንድ መስኮት ውስጥ ሁለት መለኪያዎች

ይሁን እንጂ የዊንዶውስ መሥራቾች ነገሩን ጨርሰው አልዘነጉትም። ጥያቄ የሚቀርብባቸው ትንንሽ መስኮቶች በነጥብ ሳይሆን በፊደል እንዲለኩ አድርገው ነበር። የወርዱ መለኪያ የፊደሉ አማካይ ስፋት አንድ አራተኛ፣ የቁመቱ መለኪያ የፊደሉ ቁመት አንድ ስምንተኛ ነበር። ስለዚህ ፊደሉ ሲያድግ መስኮቱም አብሮ ያድጋል። ከኦፊስ 2000 ጋር በ1999 የወጣው ዊንዶውስ ኢንስቶለር የተባለው የመጫኛ አገልግሎትም በዚሁ መንገድ ተከተለ፤ የእርሱ መለኪያ የሲስተሙ ፊደል ቁመት አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ነው። ይህ ከክንድ የተሻለ ነው፤ የሚነበበውን ነገር በራሱ በሚነበበው ነገር ይለካልና።

ታዲያ ስሕተቱ ከወዴት ገባ? የገባው በሥዕሎቹ በኩል ነው። መጫኛዎች የኩባንያውን ምልክት የያዘ ሥዕል በመስኮቱ ራስጌ ወይም በግራ ጎኑ ማድረግ ይወዳሉ፤ ሥዕሉ ግን በነጥብ የተሠራ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ማይክሮሶፍት በ2004 ምንጩን ክፍት አድርጎ ያወጣው ዊክስ የተባለው የመጫኛ መሥሪያ ነው። በዚህ መሥሪያ የተለመደው መስኮት ወርዱ 370፣ ቁመቱ 270 የመጫኛ መለኪያ ነው። ራስጌው ላይ የሚገባው ሥዕል ግን 493 በ58 ነጥብ እንዲሆን ይጠየቃል። 493 የሚለው ቍጥር ለእንግዳ ሰው እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ምስጢሩ ግን ቀላል ነው። የሲስተሙ ፊደል ቁመት በ96 ሒሳብ 16 ነጥብ ነው። 370ን በ16 አባዝተን ለ12 ብናካፍል 493 እናገኛለን። ማለትም ሥዕሉ ከመስኮቱ ጋር የሚገጥመው ስክሪኑ 96 እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው።

ከጥንት ጀምሮ ዊንዶውስ «ትልልቅ ፊደሎች» የሚል ምርጫ ነበረው፤ ይህም በኢንች 120 ነጥብ የሚል ሒሳብ ነው። በዚህ ጊዜ የሲስተሙ ፊደል 20 ነጥብ ይሆናል፤ ያው መስኮትም 616 ነጥብ ይሰፋል፤ ሥዕሉ ግን 493 እንደ ሆነ ይቀራል። ወይ ተለጥጦ ይደበዝዛል ወይም ባዶ ስፍራ ይተዋል። በሌሎቹም መሣሪያዎች ያው ነው። ከዊንአምፕ ሠሪዎች ከነልሶፍት የመጣው መጫኛ መሥሪያም ሆነ ኢኖ ሴታፕ የተባለው በጎን ለሚቆመው ሥዕል ለብዙ ጊዜ የተጠቀሙበት መጠን 164 በ314 ነጥብ ነበር።

ሥዕል ቢደበዝዝ ውበት እንጂ ማስተዋል አይጎድልም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ብዙ መጫኛ ሠሪዎች የራሳቸውን ገጾች ሲጨምሩ ጽሑፉንና ቁልፉንም እንደ ሥዕሉ በነጥብ እየቈጠሩ ያስቀምጡ ነበር። በአንድ መስኮት ውስጥ ሁለት መለኪያዎች ተቀላቀሉ። ፊደሉ ሲያድግ የተከለለለት ስፍራ አላደገም፤ ዐረፍተ ነገሩም በመካከል ተቆረጠ።

ስክሪኑ መለኪያውን ጥሎ ሲሄድ

በ2001 አይ ቢ ኤም ቲ220 የተባለውን ስክሪን አወጣ። 22.2 ኢንች ሲሆን በወርዱ 3840 በቁመቱ 2400 ነጥቦች ነበሩት፤ በአንድ ኢንች 204 ያህል ማለት ነው። በ96 ሒሳብ 4.2 ሚሊሜትር የነበረው ባለ 16 ነጥብ ፊደል በዚህ ስክሪን ላይ 2 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። ክንዱ ከግማሽ በታች አጠረ ማለት ነው። ይህን ስክሪን የሚገዙት በሳይንስና በሕክምና ሥዕል ላይ የሚሠሩ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ጩኸቱ ብዙ አልተሰማም። ለሚያስተውል ሰው ግን የሚመጣውን የሚያሳይ ምልክት ነበር።

ማይክሮሶፍት ለነገሩ ትልቅ መልስ የሰጠው በጥር 2007 ለሕዝብ በቀረበው በዊንዶውስ ቪስታ ነው። መልሱም ይህን ይመስላል። አንድ ፕሮግራም የስክሪኑን ልዩነት ማወቁን በግልጽ ካላስታወቀ፣ ሲስተሙ «ስክሪኑ 96 ነው» ብሎ ይነግረዋል። ፕሮግራሙም አምኖ እንደ ጥንቱ መስኮቱን በትንሹ ይሥላል። ከዚያ በኋላ ሲስተሙ የተሣለውን መስኮት እንደ ፎቶግራፍ አጉልቶ በስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ይህ ለበጎ የተደረገ ማታለል ነው። መስኮቱ በትክክለኛ መጠኑ ይታያል፤ የሚቆረጥ ቁልፍ የለም፤ ነገር ግን ትንሽ ፎቶግራፍ ሲጎላ እንደሚሆነው ሁሉ ፊደሉ በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል።

ከዚህ ጭጋግ ለመውጣት ፕሮግራሙ «እኔ ዐውቃለሁ፤ አታጉላኝ» የሚል መግለጫ ከራሱ ጋር ይዞ መምጣት ነበረበት። በዚህም አዲስ ችግር ተወለደ። ይህን መግለጫ መጻፍ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ መግለጫውን እውነት ማድረግ ግን የእያንዳንዱን ገጽ ልክ እንደ ገና ማረም ነው። ስለዚህ መግለጫውን ጽፈው ሥራውን ያልሠሩ መጫኛዎች ተገኙ። ሲስተሙ ቃላቸውን አምኖ እጁን አነሣ፤ መስኮቱም ጥርት ብሎ፣ ነገር ግን እጅግ አንሶ ወይም ተቆራርጦ ታየ።

የእጥፍ ዘዴና የክፍልፋይ ዘዴ

በሰኔ 2012 አፕል ሬቲና የተባለ ስክሪን ያለውን ማክቡክ ፕሮ አወጣ፤ 15.4 ኢንች፣ 2880 በ1800 ነጥብ፣ በአንድ ኢንች 220 ያህል። አፕል የመረጠው መንገድ የእጥፍ መንገድ ነው። ፕሮግራሙ 1440 በ900 በሆነ ስክሪን ላይ የሚሠራ እየመሰለው ይሠራል፤ እያንዳንዱ የፕሮግራሙ ነጥብ በስክሪኑ ላይ 2 በ2፣ ማለት 4 ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ በአራቱም ነጥብ ተጠቅሞ የጠራ ሆኖ ይሣላል። አንድ ነጥብ ለሁለት ሲሆን ሽራፊ የለውምና ሒሳቡ ንጹሕ ነው።

ዊንዶውስ ይህን ማድረግ ያልቻለው ከብልኀት ማነስ የተነሣ አይደለም። አፕል መሣሪያውንም ሲስተሙንም ራሱ ስለሚሠራ ስክሪኑ ለሲስተሙ እንዲስማማ ማዘዝ ይችላል። ዊንዶውስ ግን የብዙ ኩባንያዎችን መሣሪያ ሁሉ እንደ መጣ ማስተናገድ ነበረበት፤ ስለዚህ 125፣ 150፣ 175 በመቶ የሚሉ ክፍልፋዮች ግድ ሆኑበት። አንድ ነጥብ የሚወፍር መሥመር በ125 በመቶ ስንት ይሁን? አንድ ነጥብ ከሩብ መሣል አይቻልም። ስለዚህ በየመሥመሩ ወይ ይጨመራል ወይ ይቀነሳል፤ በመጨረሻም የመስኮቱ ክፍሎች አይገጥሙም።

በ2013 የወጣው ዊንዶውስ 8.1 ሌላ ነገር ጨመረ፤ ሁለት ስክሪን ያለው ሰው ለየስክሪኑ የተለየ ልክ እንዲኖረው አስቻለ። በ2017 የጸደይ ወራት የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ደግሞ ሁለት ነገሮችን አመጣ። አንደኛው፣ የጥያቄ መስኮቶች ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲሄዱ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተካክሉ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው፣ የጥንት ፕሮግራሞችን ጽሑፍ ከተሣለ በኋላ እንደ ፎቶግራፍ በማጉላት ፈንታ ገና ሲጻፍ በትልቁ እንዲጻፍ የሚያደርግ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም የወጣው ጃቫ 9 በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ ለእንዲህ ያሉ ስክሪኖች ድጋፍ ሰጠ፤ በጃቫ የተጻፉ ብዙ መጫኛዎች ስለ ነበሩ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የመጫኛ መሥሪያዎቹም ተከተሉ። የነልሶፍቱ መሥሪያ በሦስተኛው ትውልድ እትሞቹ መግለጫውን በአንድ ትእዛዝ ለማስገባት አስቻለ። ኢኖ ሴታፕም የአንዱን ሥዕል ልዩ ልዩ መጠን ተቀብሎ ለስክሪኑ የሚስማማውን እንዲመርጥ ሆነ።

መጫኛዎች ከሌሎች ፕሮግራሞች ለምን ወደ ኋላ ቀሩ ብለን ብንጠይቅ ሦስት ምክንያቶች እናገኛለን። መጀመሪያ፣ መጫኛ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚረሳ ስለ ሆነ የሚያማርር ደንበኛ አይበዛበትም። ሁለተኛ፣ መጫኛ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በፕሮግራሙ ሥራ መጨረሻ ላይ፣ የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ አንዴ በዲስክ ታትሞ የተሸጠ መጫኛ ሊታረም አይችልም። በ2003 የወጣ ሲዲ ዛሬም ቢሆን የ2003ን መለኪያ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሸክሙ ከሠሪው ላይ ወርዶ በሲስተሙ ላይ ወደቀ፤ የ2017ቱም ሁለተኛ ዘዴ የዚህ ሸክም ውጤት ነው።

ማስተካከያ ከመኖሩ በፊት

እስካሁን ስለ ፕሮግራም መጫኛ ተናገርን። ከዚህ የሚከብደው ግን የሲስተሙ የራሱ መጫኛ ነው። ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ፊደል ያነሰበት ሰው ማስተካከያውን ከፍቶ ሊያጎላ ይችላል። ሲስተሙን ገና በመጫን ላይ ያለ ሰው ግን የሚከፍተው ማስተካከያ ብዙ ጊዜ የለውም፤ ማስተካከያው የሚገኘው ከተጫነ በኋላ ነውና።

በሊኑክስ ዓለም ይህ ጎልቶ ታየ። የሊኑክስ የጽሑፍ ስክሪን ለረጅም ዘመን የተጠቀመበት ፊደል 8 በ16 ነጥብ ነው። ወርዱ 3840፣ ቁመቱ 2160 በሆነ ስክሪን ላይ ይህ ፊደል በአንድ መሥመር 480 ፊደል፣ በአንድ ገጽ 135 መሥመር ያስገኛል። ስክሪኑ 13.3 ኢንች ብቻ ከሆነ ፊደሉ ከነክፍተቱ ቁመቱ 1.2 ሚሊሜትር ነው። ዲስኩን ስለ መክፈልና ስለ መደምሰስ የሚጠየቀው እንግዲህ በዚህ መጠን ነበር። በመጋቢት 2019 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 5.0 ተርሚነስ የተባለውን ፊደል በ16 በ32 ነጥብ ልክ ጨመረ፤ መጠኑም እጥፍ፣ ወደ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ። መፍትሔው ትሑት ነው፤ አንድ የፊደል ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ነገር ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ከፈጀው ጉዞ በኋላ የተገኘው መልስ ከመጀመሪያው ከክንዱ ነገር ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በነጥብ የተለካ ነገር ነጥቡ ሲያንስ እንደ ገና መለካት አለበት።

አንዳንዶች «ባለቤቱ የስክሪኑን የነጥብ ቍጥር ዝቅ ቢያደርገው ሁሉ ይጎላ የለምን?» ይላሉ። ይጎላል፤ ነገር ግን ያ ሰው ገንዘብ የከፈለበትን ጥራት መልሶ መጣል ነው፤ ጽሑፉም ይደበዝዛል። ሌሎችም ጥፋቱን በስክሪን ሠሪዎች ላይ ያደርጋሉ። ነገር ግን በወረቀት ላይ የሚታተም ጽሑፍ የማተሚያው ነጥብ በበዛ መጠን አንሶ አያውቅም፤ ጠርቶ እንጂ። በወረቀት ላይ ያልደረሰው ነገር በስክሪን ላይ የደረሰው የወረቀት ፊደል በፖይንት፣ የስክሪኑ ፊደል ግን በነጥብ ስለ ተለካ ብቻ ነው።

የእኛ ፊደልና የሌላው መለኪያ

ይህ ታሪክ የግዕዝን ፊደል በሁለት በኩል ይነካዋል። ፊደላችን በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስፍራ አገኘ፤ በ2007ም ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። የዚያው የቪስታ የተለመደ የጽሑፍ መጠን 9 ፖይንት ሲሆን፣ ይህ በ96 ሒሳብ 12 ነጥብ ነው። በ12 ነጥብ ውስጥ ጨንና ጬን፣ ሕንና ሖን የሚለያዩት ምልክቶች አንዲት ነጥብ ወይም ሁለት ብቻ ይደርሳቸዋል። ነጥቡ በእጥፍ ሲበዛና መጠኑ ሲጠበቅ ግን ያው ፊደል 24 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ የጠራ ስክሪን መጠኑ እስከ ተጠበቀ ድረስ ከላቲኑ ይልቅ ለእኛ ፊደል የበለጠ ይጠቅማል፤ መጠኑ ካልተጠበቀ ደግሞ የበለጠ ይጎዳዋል።

ሁለተኛው ነገር ረቀቅ ያለ ነው። ከላይ ያመሰገንነው የፊደል መለኪያ የማን ፊደል መለኪያ ነው? በማይክሮሶፍት የተለመደው ስሌት አማካዩን ስፋት የሚያወጣው ሃያ ስድስቱን ትልልቅና ሃያ ስድስቱን ትንንሽ የላቲን ፊደሎች በአንድ መሥመር ጽፎ፣ ርዝመቱን ለ52 በማካፈል ነው። ከነዚህ ውስጥ ቀጫጭኖቹ ብዙ ናቸው፤ ከግዕዝ ፊደሎች ግን አብዛኞቹ ሰፋፊ ናቸው። እርግጥ ነው፣ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃሉ በፊደል ቍጥር ያጥራል። ቢሆንም በላቲን ልክ የተቈረጠ ቁልፍ በአማርኛ ቃል ላይ ሁልጊዜ ይበቃል ብሎ ማመን አይቻልም። መጫኛን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ስፍራውንም መመለስ አለበት።

መደምደሚያ

ከ1984 እስከ 2019 ያለውን ዘመን ስንመለከት፣ በፊደል ልክ የተሠራው ነገር ስክሪኑ ሲለወጥ አብሮ ተለውጦ ሲኖር፣ በነጥብ ልክ የተሠራው ግን በየጊዜው ፈርሶ እንደ ገና ሲሠራ እናያለን። የቪስታ ማጉላት፣ የአፕል እጥፍ፣ የ2017ቱ እርማትና የሊኑክሱ ትልቅ ፊደል ሁሉ አንድ የቀደመ ምርጫ ያስከተለውን ዕዳ ለመክፈል የተደረጉ ናቸው። መሥራቾቹ ትክክለኛውን መለኪያ ቀድሞውንም ሠርተው አስቀምጠውት ነበር፤ ተከታዮቻቸው የተዉት ነጥብ መቍጠር ለጊዜው ስለ ቀለላቸው ነው።

ውል የሚፈርም ሰው የውሉን ጽሑፍ ማንበብ መቻሉ ከሕግ ሁሉ በፊት ያለ ነገር ነው። ዐይኑ የደከመ ሽማግሌም ሆነ አዲስ መሣሪያ የገዛ ተማሪ ዲስኩ ይደምሰስ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ጥያቄውን አይቶ መመለስ ይገባዋል። ስለዚህ ወደ ፊት ፕሮግራም የሚሠሩ የኮሌጃችን ተማሪዎች የመጫኛውን መስኮት ለመጨረሻው ቀን እንዳይተዉት፣ ሲሠሩትም በስክሪኑ ነጥብ ሳይሆን በአንባቢው ፊደል እንዲለኩት፣ ያ ፊደል ግዕዝ በሆነ ጊዜም በግዕዝ እንዲለኩት ይህ ታሪክ ያስተምራቸዋል።